ጤና ጣቢያውን ቅሬ ያስገባሁበት ዓመት

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ማን እንደሆንኩ ልናገር፤ ሰው የሚሰማውን ነገር ከማን እንደሚሰማ ማወቅ አለበት። እኔ ወሎ ውስጥ ከመካነ ሰላም ከተማ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ ቀበሌ የቅሬ ዳኛ ነበርኩ። ቅሬ የምንለው ሌላው አገር እድር የሚለውን ነው፤ የሞተ እንቀብራለን፣ ያዘነ እናስተዛዝናለን። የእኛ ቅሬ እስላሙንም ክርስቲያኑንም አንድ ላይ የያዘ ነው። ዳኛ ሆኜ በተመረጥኩ ጊዜ ተወዳዳሪ አልነበረኝም። በሁለተኛውም በሦስተኛውም ምርጫ አልነበረኝም። ይህን ሰዎች በተለያየ መንገድ ይተረጉሙታል፤ እኔ ትርጉሙ አንድ ነው እላለሁ።

የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ጥቂት ፊደል ከእህል ጆንያ ላይ ለቅሜ አውቅ ነበር። ቀሪውን የጨረስኩት እግሬ ተሰብሮ አቀስታ ከተማ እህቴ ቤት በተኛሁበት ክረምት ነው። የቤቷ ግድግዳ በአሮጌ ጋዜጣ ተለብጦ ነበር። የለጠፈው ሰው ማንበብ ስለማይችል ግማሹ ጋዜጣ ተገልብጦ ነበር የተለጠፈው። ስለዚህ እኔ ቀጥ ብሎ የተለጠፈውንም የተገለበጠውንም እኩል አነባለሁ። ይህን የሚችል ሌላ ሰው በወረዳችን አላጋጠመኝም፤ እርግጥ ብዙም አልፈለግሁም።

ነገሩ የጀመረው በሴት ልጄ ነው። ጂዳ አራት ዓመት ሠርታ ተመልሳ አገባች። የመጀመሪያውን ስትወልድ ቤት ውስጥ ሁለት ቀን አምጣ ልጁ ሞቶ ወጣ፤ እሷም ለጥቂት ተረፈች። ያን ጊዜ ጤና ጣቢያችን ገና አልተሠራም። ሁለተኛውን ስትፀንስ ግን ተሠርቶ፣ አንዲት አዋላጅ ነርስ ተመድባ ነበር። ልጄ ለክትትል ሄዳ ስትመለስ፣

«አባዬ፣ ከዚህች ልጅ እጅ በቀር አልወልድም» አለችኝ።

«ብትሄድስ?»

«ብትሄድ እከተላታለሁ።»

ጂዳ ድረስ ብቻዋን ሄዳ የመጣች ስለሆነች እንደማትቀልድ አወቅሁ።

ጤና ጣቢያው አራት ባለሙያዎች ነበሩት፤ ኃላፊው ጤና መኮንን፣ ነርሱ፣ አዋላጇና የላቦራቶሪው ልጅ። በዋናው ሕንፃ በር ላይ «ኬዝ ቲም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። በዚያ ዘመን መሥሪያ ቤቱ ሁሉ በቡድን እንዲሠራ ታዞ ስለነበር እንዲህ ያለ ወረቀት በየበሩ ነበር። የእኛው ቡድን ግን እርስ በርሱ አይነጋገርም። አንዱ ደሴ ለሥልጠና ሲላክ ሌላው ቀርቷል፤ በግምገማ ጊዜ ደግሞ የቀረው ስለሄደው የተናገረው ነገር ነበር። ከዚያ ወዲህ ኃላፊው ለነርሱ የሚለውን በወረቀት ይጽፍና በበሽተኛው እጅ ይልካል። ነርሱ መልሱን በጀርባው ጽፎ በዚያው በሽተኛ ይመልሳል። ክፍሎቻቸውን የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። አንዱ ሲያስነጥስ ለሌላው ይሰማል፤ ይማርህ ግን አይልም። እኔ ራሴ ወገቤን ታምሜ በሄድኩ ቀን እንዲህ ያለ ወረቀት አራት ጊዜ አመላለስኩ። አራቱንም አንብቤያቸዋለሁ። ሦስቱ ስለ ወገቤ አልነበሩም።

የልጄ እርግዝና ስድስት ወር ሲሞላው ስለ ጤና ጣቢያው የውኃ ቧንቧ ላመለክት መካነ ሰላም ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ገባሁ። ሠራተኛው ወጣት ነው፤ ወንበር ሰጠኝና ፋይል ሊፈልግ ጎንበስ አለ። ፊቱ የነበረውን ወረቀት እኔ ከማዶ ሆኜ እንደተገለበጠ አነበብኩት። የአዋላጇ የዝውውር ጥያቄ ነበር። ባልደረቦቼ አያናግሩኝም፣ በአካባቢው ዘመድ የለኝም፣ ብታመም የሚጠይቀኝ ብሞት የሚቀብረኝ ሰው የለም ይላል።

በዳኝነት ዘመኔ እንዲህ ያለ ስድብ ደርሶብኝ አያውቅም። እኔ ባለሁበት ቀበሌ የሚቀብር የለም ተብሎ በማኅተም ሊጸድቅ ነው።

«ስለ ውኃው ምን ነበር ያሉኝ አባባ?» አለኝ ቀና ብሎ።

«ውኃው ይቆይ። ዝውውር ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«የማን ዝውውር?»

«በጠቅላላው።»

«ሁለት ወርም ሦስት ወርም ይፈጃል።»

ልጄ የምትወልደው በሦስት ወር ነው። ተነሥቼ ወጣሁ።

በሚቀጥለው እሑድ ቅሬውን ሰበሰብኩና የጤና ጣቢያው ሠራተኞች አባል ይሁኑ አልኩ። ጸሐፊያችን አብሮ አደጌ ነው፤ ሙስሊም ነው፤ እኔ የምለውን ሳይቃወም የጻፈበት ቀን የለም።

«ሠራተኛ መጥቶ ይሄዳል» አለ። «መንገደኛ እንዴት ቅሬ ይገባል?»

«እስኪሄድ ሊሞት ይችላል።»

«እሺ፣ አራት ቤት ብዬ ልጻፍ?»

«ደንባችን የሚቆጥረው በር ነው» አልኩ። «በአንድ የግቢ በር የሚገባና የሚወጣ አንድ ቤት ነው። ጤና ጣቢያው በሩ አንድ ነው።»

«ወላሂ አንተ ሰውዬ። ኃላፊው ከጎጃም፣ ነርሱ ከኩታበር፤ ሁለቱ ክርስቲያን፣ ሁለቱ እስላም። ይሄ ምን ዓይነት ቤት ነው?»

ከኋላ የተቀመጡ አንዲት ባልቴት፣ «ያንተ ቤት ነዋ» አሉት። «እናትህ በማርያም ስትምል አይደል ያሳደገችህ?»

ጸሐፊው ከሌላው ጋር አብሮ ሳቀ፤ ከዚያ ብዕሩን አነሣ።

«አባወራው ማን ይባል?»

«ኃላፊው።»

«እማወራዋስ?»

«አዋላጇ።»

«ባልና ሚስት ናቸው እንዴ?»

«አይደሉም። አይነጋገሩም እንኳ።»

«እንግዲያስ ባልና ሚስት ብዬ ልጻፍ፤ ምልክቱ ሁሉ አለ።»

አንድ ቤት ብለህ ብቻ ጻፍ ብዬ አዘዝኩት።

ሠራተኞቹን ሳልጠይቅ ነበር ያስመዘገብኳቸው። ማግሥቱን ሄጄ ስነግራቸው ኃላፊው፣ «እኛ እኮ አላመለከትንም አባባ» አለኝ። ማንም አመልክቶ አልገባም፣ እዚህ የሚኖር ሁሉ አባል ነው አልኩት። ግዴታውንም ነገርኳቸው፤ ከእያንዳንዱ ቤት አንድ ሰው በየቀብሩ ይገኛል፤ ሰው ያልላከ ቤት የሚቀጥለውን መቃብር ይቆፍራል።

በመጀመሪያው ቀብር ከጤና ጣቢያው ማንም አልመጣም። እያንዳንዱ ሌላው ይሄዳል ብሎ ነው፤ እንዳይጠያየቁ አይነጋገሩም። ፈረድኩባቸው። ከሳምንት በኋላ አንድ ሽማግሌ ዐረፉና ሦስቱ ወንዶች ዶማና አካፋ ይዘው መጡ፤ አዋላጇ ውኃ በጀሪካን ይዛ ተከተለች። መሬቱ ድንጋያማ ነው። እስከ ጉልበት እስኪቆፈር ዝም ዝም ነበር። ከዚያ ኃላፊው ላቡን ጠረገና ነርሱን፣ «አካፋውን አቀብለኝ» አለው። ነርሱም፣ «እንካ፣ ቀስ በል፣ እጀታው ላልቷል» አለው። ከስምንት ወር ወዲህ በቃል ሲነጋገሩ የመጀመሪያው ነበር። ጸሐፊው ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ፣ «ሟቹ በሕይወት ሳሉም አስታራቂ ነበሩ» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ በየቀብሩ አንዳቸው ይገኛሉ። ተራ ለማውጣት ጠዋት ጠዋት መሰብሰብ ግድ ሆነባቸው፤ ከተሰበሰቡ ዘንድ ስለ በሽተኛውም ማውራት ጀመሩ። ነርሱ ቀብር በመጣ ቁጥር ሟቹ ስንት ጊዜ ታመመ፣ በቤቱ ሌላ የሚያስለው አለ ወይ እያለ ይጠይቃል። መጀመሪያ ሰው ደስ አላለውም። የአንዲት ሴት ቀብር ላይ ግን ጠይቆ፣ ባሏና ምራቷ በማግሥቱ አክታ ሰጥተው ሁለቱም የሳንባ ነቀርሳ ተገኘባቸው። መድኃኒቱን ጨርሰው ድነዋል። ከዚያ በኋላ ሰው ሳይጠየቅ መናገር ጀመረ።

ለክትባት ቀን ሰው አይመጣልንም ብለው አማከሩኝ። የቅሬያችን ጥሩምባ ነፊ ይንፋ አልኩ። ጥሩምባው ተነፍቶ የሚያውቀው ለሞት ብቻ መሆኑን ለጊዜው አላሰብኩትም። ሕዝቡ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ሴቶቹ እያለቀሱ፣ ሕፃናቱን አዝለው ጤና ጣቢያው ግቢ ገቡ። ማን ሞተ ሲሉ ማንም አልሞተም ተባለ። አንዳንዱ ተቆጣ። ነርሱ ግን ሁሉንም ሕፃን ከተበ፤ እንደዚያ ቀን የሞላለት ጊዜ የለም። ዘዴው የእኔ ነው።

አንድ ረቡዕ መካነ ሰላም ሳለሁ የወረዳው ሠራተኛ፣ ለአዋላጇ ያድርሱልኝ ብሎ ደብዳቤ ሰጠኝ። ዝውውሯ ተፈቅዷል። ልጄ ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች። ደብዳቤውን ይዤ ቀበሌ ስደርስ የአዋላጇ አባት ማረፋቸውን ሰማሁ። አገሯ ከዓባይ ማዶ ነው፤ ወሬው የደረሰው ከተቀበሩ ከአራት ቀን በኋላ ነበር።

ሐዘንተኛ ሦስት ቀን ሳይሞላው ወረቀት አይሰጠውም ብዬ ደብዳቤውን ኪሴ ከተትኩ። እንዲህ ያለ ደንብ ተጽፎ አላውቅም፤ ዳኛው ግን እኔ ነኝ።

ድንኳኑን ጤና ጣቢያው ግቢ ተከልነው። ቀበሌው በሙሉ መጣ። በደንባችን የሐዘንተኛው ቤተሰብ ሁሉ ለቅሶ ይቀበላል፤ ቤቱ አንድ ስለሆነ ኃላፊውም፣ ነርሱም፣ የላቦራቶሪውም ልጅ ከጎኗ ተቀመጡ። በሽተኛ ሲመጣ አንዱ ተነሥቶ ያክምና ይመለሳል። ኃላፊው ሰውየውን አይቷቸው አያውቅም፤ ከእሷ በላይ ያለቀሰው ግን እሱ ነው። ጸሐፊው ዱዓ አደረገ፣ ቄሱ ፍትሐት አደረሱ። ልጄ ሆዷን ይዛ ሦስቱንም ቀን ከአዋላጇ አጠገብ አልተነሣችም።

ቅዳሜ ድንኳኑ ሲነቀል ደብዳቤውን ሰጠኋት። ቀኑን አየች።

«መቼ ነው የደረሰዎት?»

«ረቡዕ።»

«አንብበውታል?»

«አንብቤዋለሁ። አንቺ የጻፍሽውንም አንብቤዋለሁ፤ የሚቀብረኝ የለም ያልሽውን።» መደበቅ ልማዴ አይደለም። «አሁን አለሽ። መዝገብ ላይ ነሽ። እኔ ራሴ ነኝ የማስቀብርሽ።»

«አባባ፣ ሰው የሚኖረው ለመቀበር ብቻ እኮ አይደለም።»

«አይደለም። ልጄ ግን እንድትኖርልኝ እፈልጋለሁ» አልኳት።

ይህን አረፍተ ነገር አዘጋጅቼው አልነበረም። ንግግር ሳላዘጋጅ የምናገር ሰው አይደለሁም። ወረቀቱን አጣጥፋ ጋዋኗ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

«እስክትወልድ እቆያለሁ» አለች። «ከዚያ ወዲያ ግን እናቴ ብቻዋን ናት።»

ልጄ የወለደችው በገበያ ቀን ረፋዱ ላይ ነው። እኔ ከማዋለጃው ክፍል ውጭ አግዳሚው ላይ እንድቀመጥ ታዘዝኩ። ልጁ ሲያለቅስ ሰማሁ፤ ልነሣ ስል አዋላጇ፣ «ደም አለ፣ ሁላችሁም ኑ» አለች። ጮኻ አይደለም፤ ያን ቀን አካፋውን አቀብለኝ እንደተባለው በተራ ድምፅ ነው የተናገረችው። ነርሱ ከራሱ ክፍል ወጥቶ በሩጫ ገባ። የላቦራቶሪው ልጅ ጠብታ ደም ይዞ ወጣና ውጤቱን ከኮሪደሩ እየተናገረ ተመለሰ። ኃላፊው በአንድ እጁ ስልክ ይዞ ለመካነ ሰላም አምቡላንስ ላኩ ይላል፣ በሌላው ግሉኮስ ከፍ አድርጎ ይዟል። አንድም ወረቀት ከዚያ ክፍል አልወጣም። ሁሉንም በቃል ነበር የሚነጋገሩት፤ ጨምር፣ ያዝ፣ ስንት ደረሰ፣ ቀንሷል። ጸሐፊው ከገበያ ሰምቶ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«አብሽር» አለኝ።

«እኔ ምን ሆንኩ?»

«ምንም አልሆንክም። ጫማህን አውልቀህ በእጅህ ይዘሃል።»

እውነቱን ነበር። መቼ እንዳወለቅሁት አላውቅም።

አምቡላንሱ ሲደርስ ደሙ ቆሟል። ለጥንቃቄ ብለው መካነ ሰላም ወሰዷት፤ አዋላጇ አብራት ተሳፈረች። በአራተኛው ቀን ልጄ ልጇን ታቅፋ ተመለሰች።

አዋላጇ ከአርባ ቀን በኋላ ወደ እናቷ ሄደች። እንድትቀር አልለመንኳትም፤ ቃሏን ፈጽማለች። እስከ አውቶብሱ የሸኘናት ከሃያ ቤት በላይ ሆነን ነው።

አሁን ያደረግሁትን ልዘርዝር፤ ሌላ ሰው ቢጽፈው ያጎድልብኛል። ጤና ጣቢያውን ቅሬ ያስገባሁ እኔ ነኝ። አራት የማይነጋገሩ ባለሙያዎችን በአንድ ጉድጓድ ያነጋገርኩ እኔ ነኝ። ጥሩምባው ሁለት ዓይነት አነፋፍ እንዲኖረው አድርጌያለሁ፤ ረጅሙ ለሞት፣ አጭር አጭሩ ለክትባት። ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሲቃረብ የሚቆዩባት ጎጆ በጤና ጣቢያው ግቢ በቅሬው ጉልበት አሠርቻለሁ፤ ሣሯን ራሴ ከደንኩ፣ በአንድ በኩል ብቻ ታፈሳለች። ለወለደች ሁሉ ገንፎው በየቤቱ ተራ እንዲመጣ ደንብ አስጽፌያለሁ፤ ጸሐፊው ቅቤውን ተቃውሞ ተሸንፏል። የታመመ የሚሸከሙበት ከሬሳው የተለየ ቃሬዛ አሠርቻለሁ። ውኃው ከሁለት ዓመት በኋላ ገብቷል፤ ጥያቄውን ያቀረብኩት እኔ ነበርኩ። አዲሷ አዋላጅ በመጣች በሦስተኛው ቀን አባል ሆናለች፤ የፊተኛዋንም ከመዝገቡ አልሰረዝናትም። ልጄ ከዚያ ወዲህ ሁለት ወልዳለች፤ ሁለቱንም ጤና ጣቢያው፣ ሁለቱንም በሰላም።