ከጁምዓ በኋላ የጠፋው ቁጥር

ዛሬ አርብ ነው፤ ስልኬን ፊቴ አስቀምጬ እየጠበቅሁ ነው። ይህ አመል የያዘኝ አሥራ አምስት ዓመቴ ላይ፣ ማክሰኝት፣ የአባዬ የእህል መደብር ውስጥ ነው።

የካቲት ነበር፤ የመንፈቅ ዓመት እረፍት። ከምማርበት ከጎንደር ስወርድ ሚኒባሱ ውስጥ እሸት ሽምብራ እየፈለፈልኩ እበላለሁ፤ ጣቴን ስልሰው ይጎመዝዘኛል።

የአባዬ ሚዛን ቁጥሩን የሚያሳየው ወደ ነጋዴው ብቻ ነበር፤ እህል ሻጩ ገበሬ አንገቱን አስግጎ ነው የሚያየው። እኔ ታዲያ ከመዳፌ የማትበልጥ ኮምፒውተር ከሚዛኑ ጋር በሽቦ አገናኝቼ፣ ክብደቱ በሩ ላይ በሰቀልነው ስክሪን በትልቁ እንዲታይ አደረግሁ። ሽቦው የሚገባበትን ሲሪያል ፖርት የከፈትኩት በእጄ ትእዛዝ ጽፌ ነው። ሠራ። እኔን የሚችለኝ ጠፋ!

አባዬ ግን እሳት ስለሚፈራ፣ ለጁምዓ ሲወጣ የተሰካውን ሁሉ ይነቅላል። ይህን እያወቅሁ፣ ኮምፒውተሯም ስትነቀል ትእዛዙን እንደምትረሳ አላሰብኩም።

ከስግደት ተመልሶ ሰካት። ስክሪኑ በራ፤ ቁጥር ግን የለም። ገበሬዎቹ ሽምብራቸውን አውርደው ተሰልፈዋል።

«ምነው ልጄ፣ ቁጥሯን ምን ዋጣት?» አሉ ከፊት የቆሙት አያ ታደለ።

«ጆንያህ አስደንግጧት ነው!» አለ አንዱ ከኋላ። ተሳቀ። አያ ታደለ ግን፣ «ሳላያትማ አልሸጥም» ብለው ጆንያቸውን ያዙ።

አባዬ ጠጋ አለኝ። «ሰሚራ፣ ሆን ብዬ ያጠፋሁት ይመስላቸዋል። ካልሆነልሽ አውርጃት፤ ሁለተኛ አትሰቀልም።»

ትእዛዙን ደግሜ ጻፍኩ። ቁጥሩ መጣ።

«እሰይ፣ ሸጋ!» አሉ አያ ታደለ።

እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። ግን ሰኞ ትምህርት ይጀመራል፤ እኔ ጎንደር፣ አባዬ እዚህ ብቻውን። ኮምፒውተሯ ስትነሳ መጀመሪያ የምታነበውን ፋይል ከፍቼ፣ ፖርቱን ራሷ እንድትከፍት የሚያዝ አንድ መስመር ጨመርኩ። እዚያ ፋይል ላይ የተሳሳተ ነገር ከገባ ጭራሽ ላትነሳም ትችላለች።

«አባዬ፣ ንቀላት።»

«አሁን ገና ሠራች፤ ምን ነካሽ?»

«ለጁምዓ እንደምትነቅላት ንቀላት።»

ነቀላት። ሰካት። ስክሪኑ ጨለማ ነው። የእሸቱ ጉምዛዜ አፌ ውስጥ ተመልሶ መጣ። ከዚያ፣ ማንም ምንም ሳይነካ፣ የአያ ታደለ ጆንያ ክብደት በትልቁ ወጣ!

ያኔ በራሱ የሚተማመን ሰው የማይፈራ ይመስለኝ ነበር። እኔ ግን «ንቀላት» ያልኩት እየፈራሁ ነው፤ ዛሬም አርብ አርብ፣ አባዬ ከጁምዓ ተመልሶ ሰክቷት እስኪደውልልኝ እፈራለሁ።

ይኸው ስልኬ ጠራ። አባዬ ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም።

«ቁጥሯ መጣች» አለኝ።

ተነፈስኩ።