አባባ ሸሚዛቸውን ያወለቁ ዕለት

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ሚያዝያ፣ መተማ ላይ ሙቀቱ በጠናበት ሰሞን ነው።

እኛ ቤት እሁድ እሁድ ስልክ አይነካም። ጠዋት ሁላችንም አጥፍተን ቁምሳጥን ውስጥ እንቆልፍበታለን፤ እስኪመሽ የሚያወጣው የለም። ምክንያቱ የባለቤቴ አባት፣ አባባ ናቸው። ከሳንጃ ሊጠይቁን ሲመጡ ልጆቻችን ስልካቸው ላይ ተደፍተው ቀና ብለው አያዩዋቸውም ነበር። አንድ ቀን «እኔ የመጣሁት አናታችሁን ለማየት አይደለም» አሉ። ከዚያ ወዲህ እሁድን ለእሳቸው ሰጠናት።

ያን እሁድ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ደረሰም መጥቶ ነበር። የሰሊጥ ደላላ ነው። እንደ ሁላችንም ስልኩን አስረከበ። አባባ ሸሚዛቸውን አውልቀው፣ እግራቸውን ውሃ በሞላ ሳፋ ውስጥ ነክረው ጥላ ስር ተቀመጡ። እሳቸው ሳንጃ ላይ ሰው ለማስታረቅ የሚጠሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ባዳ ሰው እንዲህ ሆነው አይቷቸው አያውቅም። ስለ ሟች ባለቤታቸው ለልጆቹ ሲያወሩ ቆይተው እንባቸው መጣ። ልጆቹም ተጠጓቸው። ደስ የሚል ቀን ነበር።

በማግስቱ ጎረቤታችን ሐጂ ኑሩ ወደ ሱቃቸው ጠሩኝ። ስልካቸውን አዙረው ኢንተርኔት ላይ የተለቀቀ ቪዲዮ አሳዩኝና «ዝማም፣ ይኸ የናንተ ግቢ አይደለም እንዴ?» አሉኝ።

አባባ ናቸው። ራቁት ደረታቸው፣ ሳፋው፣ እንባቸው። የሳቅ ድምፅ ገብቶበት «ሚስቱ የጠፋችበት ሽማግሌ» ተብሎ ተጽፎበታል። የተቀረጸው ደረሰ ከተቀመጠበት በኩል ነው። መተማ ላይ፣ የሱዳን ድንበር ስለሆነ፣ ነጋዴ ሁለት ስልክ እንደሚይዝ እያወቅን ማናችንም አላሰብነውም። ያስረከበን የኢትዮጵያውን መስመር ነው፤ የሱዳኑ ኪሱ ውስጥ ቀርቷል።

ብጠይቀው «አንቺ ደግሞ፣ ሰው ይሳቅ ብዬ እኮ ነው። ስንቱ እንደወደደው ብታዪ» አለኝ። እንትፍ አልኩ። የገዛ አባቱን እንባ። ጮኼበት አጠፋው፤ ግን ሌሎች ቀድመው ወስደውት ነበር።

አባባን ወደ መናኸሪያ ስሸኛቸው እዚያ የቆሙ ወጣቶች «አባ፣ ሳፋውን ረሱት?» ብለው ተሳሳቁ። አባባ ነገሩ ስላልገባቸው እኔን ጠየቁኝ። ልዋሽ ብል አፌ እምቢ አለኝ፤ ነገርኳቸው።

«ልጆቼ ብቻ የነበሩ መስሎኝ» አሉ። ቀጥለው ደግሞ፣ «ሳለቅስም አሳይቷል?»

«አዎ፣ አባባ።»

መኪናው ውስጥ ገቡ።

ደረሰ ይቅርታ ጠይቋቸዋል። አባት ናቸውና ይቅር ብለውታል። እኔ ግን እጁን ስጨብጥ አሁንም ይቀፈኛል። እሁድን አልተውናትም፤ አሁን ኪስ እንፈትሻለን። በገዛ ቤታችን የሰው ኪስ መፈተሻችንም ያስጠላኛል።

አባባ ዛሬም ይመጣሉ። በዚያ ሁሉ ሙቀት ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ይቀመጣሉ። ልጆቹ ስለ ሴት አያታቸው እንዲያጫውቷቸው ሲለምኗቸው፣ ዞር ዞር ብለው ሰዉን ሁሉ ያዩና «ሌላ ጊዜ» ይሏቸዋል።