የቡሬዋ ላም ውርርድ

ወረታ ላይ የንግድ ፈቃድ ተቆጣጣሪ ነኝ። በቀደም፣ ውጭ አገር ያለ ድርጅት በኢንተርኔት የሚያጫውተውን ቁማር ያለ ፈቃድ የሚያስይዝ ሱቅ ላሽግ ሄድሁ። ማሸጊያዬን ሳወጣ፣ ከጎረምሶቹ መሀል የተቀመጡ አንዲት የፎገራ ባላገር እናት እጄን ያዙኝ።

«ልጄ እዚያ ድርጅት ተቀጥሮ የደንበኛ ስልክ ያነሳል። የራሱን ስልክ ቀምተውታል፤ ሲያወራም ያዳምጡታል። አንዴ ላናግረውና ትዘጋዋለህ።»

እንዴት ብዬ እምቢ ልበል? ባለሱቁ ልጁ በሚያነሳው የደንበኛ መስመር ደወለላቸውና ድምፁን ከፍ አደረገው።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ምን ላይ ያስይዛሉ?» አለ ልጁ።

«ቡሬዋ ላም ሴት ወለደች ብዬ።»

«እሰይ! አሸንፈዋል።»

«ሩዙን ውሃ አልወሰደውም ብዬስ?»

«እሱንም አሸንፈዋል» አለ፤ ድምፁ ግን ሻከር አለ።

ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ቁማር ነው ብዬ ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ፊቴን አዞርሁ። እናት ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ።

«የሄደ ሰው ለገና ቤቱ ይገባል ብዬስ ላስይዝ?»

ልጁ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«በዚህ ላይ ማስያዝ አልተፈቀደም፣ እማዬ።»