ጉንዳን ያስገባቻቸው ስሞች

«ጀልባህ ሲመለስ ጨው አዝሎ፣
ልቤ ወደቡ ላይ…»

ከዚህ በኋላ ያለው አይመጣላትም። ላማይ የጎደለውን በ«እምም» እየሞላች ታንጎራጉራለች። በታይላንድ የወደብ ከተማ በሳሙት ሳኮን ባለ የዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ፣ መዝገብ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ወንበር ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ተቀምጣለች። በፋብሪካው በመታወቂያ ስሙ የሚጠራ የለም፤ አንዱ እንቁራሪት ነው፣ አንዷ ዱባ፤ እሷ ደግሞ ከእናቷ ጓዳ ጀምሮ ጉንዳን ናት።

«እትዬ ጉንዳን፣ ማክሰኞ የቀረችው ዱባ ናት ወይስ አይጥ?» ይሏታል፣ በመስኮቱ አንገታቸውን አስግገው። እሷም ጥያቄውን ኮምፒዩተሩ ብቻ ወደሚረዳው ደረቅ ትእዛዝ ትለውጥና መልሱን በሰው አፍ ትነግራቸዋለች፤ ስንት እንደመለሰች ኮምፒዩተሩ ይመዘግባል። ልጅ አልወለደች፣ ባልም አልበረከተላት። ያ በመስኮት የሚገባ «እትዬ» ነበር ዘመዷ።

ዝናቡ ሲገባ ሥራ አስኪያጁ ኪያቲሳክ ማንም ሰው እንደ አፉ ጽፎ መዝገቡን የሚጠይቅበት ፕሮግራም አስመጣ። ፕሮግራሙ ግን የሚያውቀው የመታወቂያ ስም ብቻ ነው። «ዱባ የት ናት?» ሲሉት «እንዲህ ያለ ሠራተኛ የለም» ይላል።

«የሺህ ሁለት መቶ ሰው ቅጽል ስም ያለው አንቺ ራስ ውስጥ ነው» አላት ኪያቲሳክ። «አስገቢለት። ከዚያ ኃላፊው አንቺ ነሽ።»

የመጋዘኑ አለቃ እንቁራሪት ይህን ሰምቶ መጣ። «እትዬ፣ ሞኝ አትሁኚ! ግማሹን ደብቂና ይለማመጡሽ።»

«ስም ይደበቃል እንዴ? ሰው ተጠርቶ ሲታጣ አያሳዝንህም?»

መስኮቱን ዘግታ፣ ጠያቂዎቿን «ትንሽ ታገሱኝ» እያለች እያሰናበተች፣ ምሳዋን ቆማ እየጎረሰች ወር ሙሉ ጻፈች። በመጨረሻ የራሷን አስገባች፦ ላማይ፣ ጉንዳን። እንደ ሙሽራ አፈረች።

በምረቃው ቀን አለቆቹ ሁሉ አዳራሽ ተሰበሰቡ። «በሉ ጠይቁት!» አለ ኪያቲሳክ። እንቁራሪት ቀድሞ ተነሣና ጻፈ፦ «እትዬ ጉንዳን በዚህ ወር የስንት ሰው ጥያቄ መለሰች?»

ግድግዳው ላይ ትልልቅ ፊደል በራ፦ «ላማይ፣ ቅጽል ስም ጉንዳን። የመለሰችው ጥያቄ፦ የለም።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። «ወር ሙሉ ተኝታ ነዋ!» «ከእንግዲህ ድመት በሏት!»

ላማይ ኪያቲሳክን አየችው። ወሩን በምን እንዳሳለፈች እሱ ይናገርላታል ብላ ጠበቀች። እሱ ከሳቅ የመጣ እንባውን ይጠርግ ነበር።

«እትዬ፣ ማሽኑ እንደምታዪው ብቻውን ይሠራል» አላት። «ከሰኞ ጀምሮ የዓሣ ጭንቅላት ቆራጮቹ ጋ ውረጂ፤ እጅ አንሷቸዋል።»

«ኃላፊው አንቺ ነሽ ብለውኝ ነበር» አለች።

«ብያለሁ? እስቲ ማሽኑን ጠይቂው!»

ዳግመኛ ሳቁ። አሁን የበለጠ።

ምሳ ደረሰ። በቢሮ ሰዎች ጠረጴዛ አንድ ወንበር ባዶ ነበር፤ ሳህኗን ይዛ ስትቀርብ እንቁራሪት ቀና ሳይል ቦርሳውን አኖረበት። ከዚያ ወደ ጓሮ በኩል፣ ወደ ቆራጮቹ ረጅም አግዳሚ ሄደች። አንዲት ሴት ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና ጠጋ አለችላት።

«እዚህ እጅ ይሸታል፣ እትዬ። ሳሙና አያስለቅቀውም።»

ላማይ ተቀመጠች። ሩዟ ላይ ቃሪያ ያለበትን ጨዋማ የዓሣ መረቅ አፈሰሰችና መብላት ጀመረች።