ቀፎ የሚያዳምጡት ሰው

ከሐኪሙ ክፍል ፊት ለፊት፣ አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ንብ አርቢ ናቸው፤ ባርኔጣቸው ሰም ሰም ይሸታል። ሲያወሩ ትንፋሻቸውን ወደ ጎን ያደርጋሉ፤ ንብ ፊቷ ላይ የሚተነፍስባትን ሰው አትወድማ። የያዛቸው ካንሰር ሳንባቸው ገብቷል። ሐኪሙ፣ «ሳንባዎ ላይ የታዩት ነጠብጣቦች ጥቃቅን ናቸው፤ መድኃኒቱን ዛሬ እንጀምር ወይስ ሦስት ወር እየተከታተልን እንጠብቅ?» ብሎ ምርጫውን ለእሳቸው ትቶታል።

«ቀፎ በየቀኑ አይከፈትም» አሉ አጠገባቸው ለተቀመጠችው ልጃቸው። «መጀመሪያ ጆሮ ይሰጡታል።»

«አባዬ ደግሞ! ሳንባህ ቀፎ መሰለህ?» ብትቆጣም ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

እንድታዳምጥ ጀርባቸውን አዞሩላት። ሳቋ አመለጣትና ጆሮዋን ኮታቸው ላይ ለጠፈች። ኮሪደሩ ጸጥ አለ፤ በመስኮቱ የገባችው ፀሐይ ማር መሰለች።

«ምን ይላል?» አሉ አባቷ።



«ሦስት ወር ብቻ፣ እሺ?» አለች፣ ጆሮዋን ሳታነሳ።