ጆንያው ውስጥ የነበረችው ሸሚዝ

በጃንሆይ ጊዜ፣ ከዚራ ሰፈር ስንኖር፣ የቤቱን ውዳቂ የምለየው እኔ ነበርኩ። ጠርሙሱን በአመድና በአሸዋ አሽቼ ለብቻ፣ የሰርዲኑን ቆርቆሮ በድንጋይ ጠፍጥፌ ለብቻ፣ ቡትቶውን ደግሞ በጆንያ። «ልዋጭ!» እያለ የሚዞረው ሰውዬ ሲመጣ በሳህንና በብርጭቆ እንቀይረዋለን። የጨርቁን ጆንያ ከእኔ በቀር የሚነካው አልነበረም። የሟች ልጄን ሸሚዝ እዚያ የደበቅኋትም ለዚህ ነው።

አማቴ «የሟች ልብስ ቤት አይቀመጥም» ባይ ናቸው፤ ሌላውን ሁሉ ለነዳያን ሰጥተው ጨርሰዋል። ያቺ ሸሚዝ ግን ወባው ሲያተኩሰው ለብሷት ያላበባት ናት። አላጠብኳትም። ቤቱ ጭር ሲል ጆንያውን ፈትቼ አሸታታለሁ። የልጄ የአንገቱ ስር ጠረን እዚያ ነበር፤ ሌላ ምን ቀረልኝ?

አንድ ቀን ከቀፊራ ገበያ ቲማቲም ገዝቼ ስመለስ ጆንያው የለም።

«እትዬ፣ ጨርቁስ?»

«ለወጥኩት። ምነው? ቡትቶ እኮ ነው!» ብለው አዲስ ሳህን አሳዩኝ።

እጃቸው ይሰበር! ሳህኑን ነጥቄ ግድግዳው ላይ ፈጠፈጥኩት፤ ቲማቲሙንም አስከተልኩ። «አበደች! ኧረ የሰው ያለህ!» እያሉ ሲጮሁ ነጠላዬን እንኳ ሳላነሳ ወጣሁ።

የልዋጩ ግቢ ደቻቱ ወንዝ ዳር ነው። ጨርቁን በሶዳ ቀቅሎ ለባቡሩ ጋራዥ፣ ለሞተር መወልወያ ይሸጣል። ሳይቀቅላት ልድረስ እያልኩ ሮጥኩ። ስደርስ በርሜሉ ይንተከተካል። እጄን ልከት ስል ሰውዬው ወገቤን ይዞ ጎተተኝ።

«አቦ፣ እብድ ነሽ እንዴ? ትቃጠያለሽ!»

እጁን ነከስኩት፤ ደሙ አፌን ሞላው። «ወላሂ እገልሻለሁ!» ብሎ ወረወረኝ። የቆርቆሮ ክምር ላይ ወድቄ ክርኔ ተተለተለ። ተነስቼ የማማሰያውን ዱላ አነሳሁና ትከሻው ላይ አሳረፍኩበት። ከዚያ በርሜሉን በዱላው ገፍቼ ከነፍላቱ ገለበጥኩት፤ ሰውዬው ዘሎ አመለጠ። የሚፋጀውን ጨርቅ በጣቴ በረበርኩ። ቆዳዬ ሲላጥ አልታወቀኝም። ሸሚዟ የለችም። አልተቀቀለችም ማለት ነው! እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ጥግ ላይ ተቀምጣ ጨርቅ የምትለይ ነፍሰ ጡር ሴት ነበረች። ተነስታ ወደ እኔ መጣች።

«እህቴ፣ የልጅ ሸሚዝ ነው የምትፈልጊው? ጤነኛ ነው ብዬ በርሜል አላስገባሁትም። ለሚወለደው ይሆናል ብዬ ነበር፤ ይኸው፣ ውሰጂው።»

ከእሾህ አጥሩ ላይ አውርዳ ሰጠችኝ። እርጥብ ናት። ፊቴን ቀበርኩባት። ሳሙና። አንገቷን አሸተትኩ፣ ብብቷን አሸተትኩ፣ ገልብጬ ውስጧን አሸተትኩ። ሳሙና ብቻ።

ሰውዬው የነከስኩትን እጁን በጨርቅ እየጠቀለለ ቆሞ ያየኛል።

«አገኘሽው አይደል? ታዲያ አሁን ምን ያስለቅስሻል፣ አቦ?»

ጎንበስ ብዬ የምወረውርበት ድንጋይ ፈለግሁ።