የፈረንጆቹ ስም

በደርግ ጊዜ፣ ናዝሬት ሆኜ ስለ ወንጂ ሸንኮራ አገዳ አፈር የመመረቂያ ጽሑፍ እጽፍ ነበር። ያነበብኳቸውን ጥናቶች ከነጸሐፊዎቻቸው ስም በየካርዱ መዝግቤ፣ በፊደል ተራ ደርድሬ በጫማ ካርቶን አስቀምጥ ነበር። አንድ ቀን የቀበሌ ሰዎች ቤቴን ሲፈትሹ ካርቶኑን አገኙት።

«እነዚህ ፈረንጆች እነማን ናቸው?» አለኝ አለቃቸው።

«ጥናት የጻፉ ሰዎች ናቸው። አንዳቸውንም አላውቃቸውም።»

«የማታውቀውን ሰው ስም ምን ብለህ ትሰበስባለህ?»

ካርቶኑን ይዘው ሄዱ። ቀበሌ ብመላለስም «እየተጣራ ነው» ከማለት በቀር መልስ አልሰጡኝም።

በኋላ ባለቤቴ የቀበሌው ኅብረት ሱቅ ሄዳ፣ ስኳሩ ስላለቀ ለነገ የወረፋ ቁጥር ተሰጥቷት መጣች። ቁጥሩ የተጻፈበትን ወረቀት ብገለብጠው የገዛ እጅ ጽሑፌ ነው።

«ሌሎቹስ ካርዶች?» አልኳት።

«በሰዉ ሁሉ እጅ ነበሩ» አለችኝ።

ስኳሩን በማግስቱ ገዛን። ጽሑፉን ግን አልጨረስኩትም።